የምክር ቤቱ ተለማማጅ ቀኑን እንዴት ያሳልፋል?

አንድ ሕግ ወጣ ሲባል እኛ የምንሰማው ፍጻሜውን ብቻ ነው። ድምፅ ተሰጠ፣ አገረ ገዢው ፈረሙ፣ በጋዜጣ ተነገረ፤ አለቀ። ከዚያ በፊት ግን ስልኩን ያነሣው፣ ደብዳቤውን ከፍቶ ያነበበው፣ ወረቀቱን ከፎቅ ወደ ፎቅ ያመላለሰው፣ ለእንደራሴውም «ኮሚቴው ተራዎን ሊጠራ ነው» ብሎ ያስታወሰው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። በአሜሪካ ግዛቶች ምክር ቤቶች ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ እነሱ ጥቂት ልናወጋ አስበናል።

አሜሪካ 50 ግዛቶች አሏት፤ እያንዳንዱም የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። ሁሉን እናንሣ ብንል ገጹ ስለማይበቃን የሜሪላንድን መርጠናል። የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋሽንግተን ከተማ ጋር ድንበር ለድንበር የምትዋሰነው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኘው በዚሁ ግዛት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ እንጀራው በየመደብሩ ይሸጣል፣ የአማርኛው ጽሕፈት በየምግብ ቤቱ ደጅ ይነበባል። ስለዚህ በሜሪላንድ የሚወጣው ሕግ ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የቤት ኪራዩ፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን እንደ አገራችን ልማድ የምንቆጥር መሆናችንን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በዋና ከተማዋ በአናፖሊስ ነው። አናፖሊስ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ስትሆን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመኰንኖች ትምህርት ቤት ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው አለ። የምክር ቤቱ ሕንጻ ሥራ የተጀመረው በ1772 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬም ሳይቋረጥ ሕግ ሲወጣበት የኖረ ስለ ሆነ በእድሜ ከአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች ሕንጻዎች ሁሉ ቀዳሚ ነው። ጉልላቱ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ያያያዙት በምስማር ሳይሆን በእንጨት ካስማና በብረት መቀነት ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነት ሥልጣናቸውን በታኅሣሥ 1783 ዓ.ም. ያስረከቡት በዚሁ ሕንጻ ውስጥ ነው። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱን ያቆመው የፓሪስ ውል በአሜሪካ በኩል የጸደቀውም በዚሁ ነው፤ ዘመኑም 1784 ዓ.ም. ነበር።

እኛን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። በ1864 ዓ.ም. በሜሪላንድ ባርነትን የሻረው ሕገ መንግሥት የተመከረበት አሮጌው የእንደራሴዎች አዳራሽ ዛሬ ሁለት የነሐስ ሐውልቶች ቆመውበታል። አንደኛው የሃሪየት ተብማን፣ ሁለተኛው የፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ ሁለቱም በዚያው ግዛት በባርነት የተወለዱ ናቸው። ሐውልቶቹ የተመረቁት በ2020 ዓ.ም. ነው። በግቢው ደግሞ ባርነትን በፍርዳቸው ያጸኑት የዳኛ ሮጀር ቴኒ ሐውልት ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. በሌሊት ተነሥቷል። በዚያ ደጅ ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው የሚያልፉት ወጣቶች ቀና ብለው ይዩት አይዩት ለማለት አንደፍርም፤ የሥራ ጥድፊያ ቀና አያሰኝምና።

ጥድፊያ ያልነው በምክንያት ነው። የሜሪላንድ ጠቅላላ ጉባኤ እንደ ብዙ አገር ምክር ቤት ዓመቱን በሙሉ አይቀመጥም። በጃንዋሪ ወር ሁለተኛው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይከፈታል፤ በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። አባላቱ 47 ሴናተሮችና 141 እንደራሴዎች፣ በጠቅላላው 188 ናቸው። አብዛኞቹ ሌላ ሙያ አላቸው፤ ጠበቃ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ገበሬም አለ። በ2024 ዓ.ም. ጉባኤ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ከ2,500 ይበልጥ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ያስላው፤ በ90 ቀን ውስጥ 2,500 ረቂቅ ሲቀርብ ለአንዱ ረቂቅ የሚደርሰው ጊዜ ምን ያህል ነው? ለአንድ እንደራሴ ደግሞ አጃቢ ሠራዊት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ወይም ሁለት ረዳት ነው። ተለማማጁ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

ተለማማጁ ከምክር ቤቱ ተላላኪ ጋር መምታታት የለበትም። ተላላኪዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ በአዳራሹ ውስጥ ወረቀት ያድላሉ፣ መልእክት ያደርሳሉ። ተለማማጁ ግን የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ያህል ከአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ተመድቦ ይሠራል፤ ለዚሁም ከኮሌጁ የትምህርት ነጥብ ያገኛል።

አሁን አንባቢ እንዲከተለን አንዲት ተማሪ በሐሳባችን እንውሰድ። ስም አንሰጣትም። የ20 ዓመት ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከአዲስ አበባ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ የተቀመጡ ናቸው እንበል። እናቷ በሆስፒታል የሌሊት ሠራተኛ ናት፤ መኪናው አንድ ነው። አናፖሊስ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ባቡር አይደርስበትም። እናት ከሌሊት ሥራ ገብታ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ልጅ አንሥታ ትወጣለች። «ቁርስሽን ሳትበዪ!» የሚለው ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከቢሮው መድረስ አለባት። ደጁ ላይ መታወቂያዋን አሳይታ፣ ቦርሳዋን አስፈትሻ ትገባለች። የመጀመሪያ ሥራዋ መልእክት መለየት ነው። በሌሊት ሦስት መቶ የኮምፒዩተር ደብዳቤ ገብቶ ሊያድር ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ማኅበር ጽፎ ለአባሎቹ ያደለው ነውና። ተለማማጇ ልትጠይቀው የሚገባት የመጀመሪያ ጥያቄ ግን አሳቡ ምን እንደ ሆነ አይደለም፤ ጸሐፊው የሚኖረው የት ነው የሚል ነው። ከምርጫ ወረዳቸው የሆነው በአንድ ወገን፣ ከውጭ የሆነው በሌላ ወገን ይመዘገባል። ደጋፊ ይህን ያህል፣ ተቃዋሚ ይህን ያህል ተብሎ በሠንጠረዥ ይገባል፤ እንደራሴዋም ወደ ስብሰባ ሲሄዱ በአንድ ገጽ ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ሰው በራሱ አነጋገር አራት መስመር የጻፈ እንደ ሆነ ግን ያ ደብዳቤ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሙሉውም ይነበባል። ይህን ለአንባቢ የምንነግረው ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅመው እንደ ሆነ ብለን ነው።

ከዚያ ቴሌፎኑ ይጀምራል። አንዱ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ይናገራል፤ ጉድጓዱ የግዛቱ ሳይሆን የወረዳው አስተዳደር ሥራ ሊሆን ስለሚችል ተለማማጇ መንገዱ የማን እንደ ሆነ ማወቅ አለባት። ሁለተኛው ስለ ፕሬዚዳንቱ ሊቈጣ ይደውላል፤ ይህ ቢሮ የፕሬዚዳንቱ እንዳልሆነ በትሕትና ይነገረዋል፤ እሱ ግን ለማንኛውም ይቈጣል። ሦስተኛው የመጣበት ጉዳይ ረቂቅ ሕግ አይደለም፤ ችግር ነው። የሥራ አጥነት ድጎማው ቀርቶበታል፣ መንጃ ፈቃዱ ታግዷል። ስለ ምክር ቤት ስናስብ ክርክርና ድምፅ ብቻ ይታየናል፤ ከቢሮው ሥራ ትልቁ ክፍል ግን ይህ ነው።

እንበልና በዚያ ጠዋት የደወሉት አንዲት አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን ተናግረው ቀጥለው የሚሉት ጠፋባቸው። ልጅቱ ስማቸውን ሰምታ በአማርኛ፣

«እማማ፣ አማርኛ ይናገራሉ?» አለች።

ትንሽ ዝምታ ሆነ። «ልጄ፣ ከየት ተገኘሽ?» አሉ አሮጊቷ።

ነገሩ የጤና መድን ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጥቷል፤ ቅጽ ሞልተው በቀን ገደቡ ካልመለሱ መድኑ ይቋረጣል ይላል። እርሳቸው ግን ወረቀቱን የማስታወቂያ መስሏቸው ከመሳቢያ ከተውታል። የቀረው አራት ቀን ነው፤ የሚውጡት ደግሞ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ነው። ይህ ዓይነቱ ነገር ተረት አይደለም። በወረርሽኙ ምክንያት ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የነበረው የድኾች ጤና መድን እድሳት በ2023 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር በመላው አሜሪካ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከመዝገብ ወጥቷል። ከእነዚህም መካከል የሚበዛው የተሠረዘው መድኑ አይገባውም ተብሎ ሳይሆን ወረቀቱ በጊዜው ስላልተመለሰ ወይም ስላልተሟላ ነው።

ተለማማጇ ምን ማድረግ ትችላለች? «አይዞዎት፣ አይቋረጥም» ማለት አትችልም፤ ይህን ለመናገር ሥልጣን የላትም። የሕግ ምክርም መስጠት አይፈቀድላትም። የምትችለው ጉዳዩን በደንብ መጻፍ ነው፤ ስም፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ የቀን ገደቡ፣ ስለ እርሳቸው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ለመነጋገር ፈቃድ የሰጡበት ፊርማ። ይህን ለቢሮው ረዳት ታቀርባለች። በየመሥሪያ ቤቱ ከምክር ቤት አባላት ጋር የሚገናኝ ሹም ስላለ ረዳቱ ለዚያ ሰው ይደውላል። አሮጊቷ ራሳቸው ቢደውሉ ኖሮ ሙዚቃ እየሰሙ አንድ ሰዓት ይጠብቁ ይሆናል፤ የእንደራሴዋ ቢሮ ሲደውል ግን ሰው ያነሣል። ነገሩ ፍትሐዊ ነው ወይ ብንባል አይደለም እንላለን፤ ቢሮውን የማያውቀው ሰው ምን ይሁን? ዳሩ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው።

አራትና አምስት ሰዓት አካባቢ አባላቱ ወደ አዳራሽ ይገባሉ። ሰኞ ግን አባላቱ ከየቤታቸው የሚመለሱበት ቀን በመሆኑ ጉባኤው ማታ፣ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት፣ ሲደረግ የኖረ ልማድ አለ። አንድ ረቂቅ በእያንዳንዱ ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ይነበባል። በመጀመሪያው ንባብ ለኮሚቴ ይመራል፤ በሁለተኛው ማሻሻያ ይቀርብበታል፤ በሦስተኛው ድምፅ ይሰጥበታል። ለማለፍ የሚያስፈልገው በአዳራሹ ከተገኙት መካከል ብልጫ ማግኘት አይደለም፤ ከተመረጡት ሁሉ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ከእንደራሴዎቹ 71፣ ከሴናተሮቹ 24 ድምፅ ነው። የቀረ አባል እንደ ተቃዋሚ ይቈጠራል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ረቂቁን ማንበብም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በነባሩ ሕግ ላይ የሚጨመረው አዲስ ቃል በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይታተማል፤ ከነባሩ ሕግ የሚወጣው በቅንፍ ይታጠራል፤ በመንገድ ላይ በማሻሻያ የገባው ከሥሩ ይሠመርበታል፤ በማሻሻያ የወደቀው በላዩ ላይ ይሠረዝበታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሌለው ስለ ሆነ ይህን ዘዴ እንዋስ ብንል እንደ ብራና ጸሐፊዎቻችን ቀይ ቀለም ማንሣት ግድ ይሆንብን ነበር። ከእያንዳንዱ ረቂቅ ጋር ደግሞ ሕጉ ቢወጣ መንግሥትን ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስወጣ የሚገልጽ ማብራሪያ በምክር ቤቱ ባለሙያዎች ይዘጋጃል። ብልህ ተለማማጅ አስቀድሞ የሚያነበው ይህን ማብራሪያ ነው ይባላል፤ ቋንቋው ቀላል፣ ሐሳቡ አጭር ነውና።

ምሳ ካለ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሰባት ሰዓት ላይ የኮሚቴ ችሎት ይጀመራል። በሜሪላንድ ለሚቀርበው ረቂቅ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሕዝብ ቀርቦ የሚናገርበት ችሎት ይደረጋል፤ ይህን በብዙ ግዛት አታገኙትም። አንድ ኮሚቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥርም ከዚያም በላይ ረቂቅ ሊሰማ ስለሚችል ለአንድ ምስክር የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ከተራራው አገር ሦስት ሰዓት ነድቶ የመጣ ሰው ሁለት ደቂቃ ተናግሮ ይመለሳል። ከወረርሽኙ ወዲህ ግን ከቤት ሆኖ በምስል መናገርም ስለ ተለመደ መንገዱ ለአንዳንዱ ቀሎለታል።

በዚህ ሰዓት የልጅቱ ሥራ ዓይንን ከሁለት ቦታ መትከል ነው። እንደራሴዋ በራሳቸው ኮሚቴ ተቀምጠዋል፤ ያቀረቡት ረቂቅ ግን ተራው የሚደርሰው በሌላ ኮሚቴ ነው። ችሎቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ስለሚተላለፍ ተለማማጇ በኮምፒዩተር ትከታተላለች፤ ሁለት ረቂቅ ሲቀር መልእክት ትልካለች። ቀድማ ብትጠራቸው የራሳቸው ኮሚቴ ድምፅ ያመልጣቸዋል፤ ዘግይታ ብትጠራቸው ሊቀ መንበሩ «አቅራቢዋ የሉም» ብሎ ያልፋል። በዚህ ሁሉ የሕግ ሥራ መካከል ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስጨንቀው ይህ የሁለት ደቂቃ ስሌት መሆኑ ሲታሰብ ያስገርማል።

በመካከሉ ደግሞ የምስጋና ወረቀት አለ። መቶ ዓመት ለሞላው ሽማግሌ፣ ለኅምሳ ዓመት ጋብቻ፣ ለቤተ ክርስቲያን ምሥረታ በዓል፣ ዋንጫ ላገኘ የትምህርት ቤት ቡድን የምክር ቤት አባላት ማኅተም ያለበት የክብር ወረቀት ይሰጣሉ፤ ስሙን አስተካክሎ የሚያሳትመው ተለማማጁ ነው። የስም ፊደል ከተሳሳተ ግን ክብሩ ወደ ቅያሜ ይለወጣል።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር የትምህርት ድጎማው ነው። በሜሪላንድ እያንዳንዱ ሴናተርና እንደራሴ ለምርጫ ወረዳው ተማሪዎች የኮሌጅ ክፍያ ድጎማ የመስጠት መብት አለው፤ ይህ ልማድ ከ19ኛው መቶ ዓመት የወረደ ነው። «አባሉ ለወዳጁ ልጅ ይሰጠዋል» ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ ነቀፌታውም ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ገንዘቡ አለ፤ የሚያመለክት ያገኛል፣ የማያመለክት ያጣል። ማመልከቻዎቹን ከፍቶ የጎደላቸውን ወረቀት የሚቈጥረው ተለማማጁ ነውና ልጅቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡትን ስሞች ስታነብ የጎረቤቶቿን ስም ትፈልጋለች። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ይህን በር አንኳኩተውት ይሆን? ያላንኳኳ ካለ አሁኑኑ ያንኳኳ።

አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የከተማዋ መልክ ይለወጣል። የየማኅበሩ ጉዳይ ፈጻሚዎች ግብዣ ያደርጋሉ። ሜሪላንድ በዚህ ረገድ ብዙ ያየች አገር ናት። የቀድሞው አገረ ገዢዋ ስፓይሮ አግኒው በሥልጣናቸው ዘመን ስለ ተቀበሉት ገንዘብ በቀረበ ክስ ምክንያት በ1973 ዓ.ም. ከአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ወርደዋል፤ ተከታያቸው ማርቪን ማንዴልም በ1977 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል፤ ምንም እንኳ ያ ፍርድ ኋላ ቢሻር። ከዚህ ወዲህ የሥነ ምግባሩ ሕግ ጠብቋል፤ ጉዳይ ፈጻሚው አንዱን አባል ለብቻው ራት መጋበዝ ስለማይፈቀድለት ኮሚቴውን ወይም ምክር ቤቱን በሙሉ ይጠራል። ለኪሰ ባዶ ተማሪ ግን ይህ ጥብቅ ሕግ አንድ በረከት አምጥቶለታል፤ ግብዣው የብዙ ሰው ስለ ሆነ አንዳንድ ጊዜ እሱም ከዳር ቆሞ የሸርጣን ቂጣ ይቀምሳል።

ኪስ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ለተለማማጁ የሚሰጠው ለመንገድና ለምሳ የሚሆን መጠነኛ ድጎማ እንጂ ደመወዝ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ደመወዝ መሥራት የሚችለው ማነው? አባቱ የሚያኖረው ልጅ ነው። በመደብር ሠርታ የቤት ኪራይ የምታግዝ ልጅ በሁለቱ ቀን የሚቀርባትን ገንዘብ መቈጠር አለባት። ከዚህ ዓይነቱ ቢሮ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ይወጣሉ። በ1960ዎቹ በአንድ የሜሪላንድ የፌዴራል ሴናተር ቢሮ ሁለት ወጣቶች አብረው ሠርተው ነበር፤ ስቴኒ ሆየርና ናንሲ ፔሎሲ። ሆየር በ1975 ዓ.ም. በአናፖሊስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ፔሎሲ በዋሽንግተን የእንደራሴዎች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ሆየር የዚያው ምክር ቤት የብልጫው ወገን መሪ ሆነው ተገናኙ። የቢሮው ወንበር ይህን ያህል የሚያደርስ ከሆነ፣ ለመቀመጥ የሚችለው ባለ ሀብት ብቻ መሆኑን እኛ አንወደውም።

የመጨረሻው ቀን እንደ ሌላው ቀን አይደለም። በላቲን «ሲኔ ዲኤ» ይሉታል፤ ቀጠሮ የሌለው መበተን ማለት ነው። አባላቱም ተለማማጆቹም ከጠዋት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይውላሉ፤ ያመሻሉ። በዚያ ሌሊት አንድ ረቂቅ በሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ቃል ካልጸደቀ ሞተ ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ በጃንዋሪ በአዲስ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ንባብ ይነሣል። ስለዚህ ተቃዋሚ የሆነ ሁሉ ማሸነፍ አያስፈልገውም፤ ሰዓቱን በንግግር መግፋት ይበቃዋል። ሰዓቱ ሲመታ ከላይ የወረቀት ብጥስጣሽ ይበተናል፤ ይጨበጨባል፤ ያለፈለትም ያላለፈለትም ይተቃቀፋል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ ይህ ጉባኤ ሳይሞላ የተበተነው በ2020 ዓ.ም. ማርች ወር ላይ በወረርሽኙ ጊዜ ነው፤ በዚያ ዓመት ወረቀት የበተነ አልነበረም።

በማግስቱ ተለማማጇ ጠረጴዛዋን ታጸዳለች። መታወቂያዋን ትመልሳለች፤ ዶሴዎቹን በሁለት ትከፍላለች፤ ያለቀና ያላለቀ። የአሮጊቷ ቅጽ በቀን ገደቡ ገብቷል፤ መሥሪያ ቤቱ መቀበሉን በጽሑፍ አረጋግጧል፤ ውሳኔው ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ዶሴው ካላለቁት ወገን ነው። ልጅቱ ለቢሮው ረዳት በእጅዋ አስረክባ በላዩ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፋበታለች። የሚለውም «ሲደውሉላቸው አማርኛ አስተርጓሚ ይጠራ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ከአምስት ሰዓት በኋላ» ነው።